ተጨማሪ መረጃ፦ ብራሲዳስ በጌም እና በታሪክ

በኦክላንድ ቴሜስካል፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት በቴሌግራፍ ጎዳና አካባቢ የምታድጉ ልጆች፣ የስፓርታን ስም መጀመሪያ የሰማችሁት ከቪዲዮ ጌም ሊሆን ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ» ውስጥ የምታገኙት የስፓርታ አዛዥ ብራሲዳስ በእውነት የነበረ ሰው ነው።

ስፓርታውያን በንግግር ችሎታ አይታወቁም ነበር፤ ብራሲዳስ ግን አንዳንድ የአቴና አጋር ከተሞችን በአንደበቱ አግባብቶ በራቸውን አስከፍቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 ወደ ሰሜን ሲዘምት ከተከተሉት መካከል 700ዎቹ «ሄሎት» የሚባሉ የስፓርታ ገባሮች ነበሩ፤ በኋላም ነጻነታቸውን አገኙ። አምፊፖሊስን በያዘ ጊዜ ለከተማዋ ሳይደርስላት የቀረው የአቴና አዛዥ ቱሲዲደስ ከአገሩ ተሰደደ። የአቴናንና የስፓርታን ጦርነት ታሪክ የጻፈልን ይኸው ቱሲዲደስ ነው! ላሸነፈው ጠላት ያን ያህል ክብር መስጠቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

በጌሙ ብራሲዳስን የሚገድለው ዴይሞስ የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ነው። ቱሲዲደስ እንደጻፈው ግን ብራሲዳስ በ422 እዚያው አምፊፖሊስ ላይ ቆስሎ ከጦር ሜዳ በሰው ሸክም ወጣ፤ የወገኖቹን ድል ሰምቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

የእኛም ታሪክ ጌም ውስጥ ገብቷል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሲቪላይዜሽን 6» ላይ ኢትዮጵያን የሚመሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ወታደሮቻቸው ኮረብታ ላይ ሲዋጉ ኃይላቸው ይጨምራል፤ የዓድዋን ተራሮች ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው።