የሶፍትዌር መሐንዲስ ምን ይሠራል?

ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ሲባል አብዛኞቻችን ሐኪም፣ መምህር፣ ፓይለት እንላለን። እኔ ዛሬ ብዙ ስለማንጠራው ሙያ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ።

ሶፍትዌር ማለት ኮምፒውተርና ሞባይል የሚሠሩበት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ወላጆቻችን ብር የሚልኩበት ቴሌብር ሶፍትዌር ነው። ትእዛዙን የሚጽፈው ሰው የሶፍትዌር መሐንዲስ ይባላል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ኮምፒውተር ገምቶ አይሠራም። ታናሽ ወንድማችሁን «ውሃ ቅዳ» ብትሉት ጀሪካኑን ይዞ ወደ ምንጭ ይሄዳል። ለኮምፒውተር ግን ጀሪካን አንሣ፣ ምንጭ ሂድ፣ ሙላ፣ ሲሞላ አቁም እያላችሁ አንድ በአንድ መጻፍ አለባችሁ። «ሲሞላ አቁም» የሚለው ከተረሳ ውሃው ሲፈስ ይውላል!

እንደ ጉግልና ማይክሮሶፍት ባሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ሥራው እንደ ደቦ ነው። በደቦ አንዱ ያጭዳል፣ ሌላው ነዶ ይሰበስባል፣ ሌላው ይከምራል። እዚያም አንድ መሐንዲስ የሚጽፈው ትንሽ ክፍል ነው። የጻፈውን ጓደኛው አንብቦ ያርምለታል፤ ከዚያ ይሞከራል። ትንሽ ስሕተት የብዙ ሚሊዮን ሰው ስልክ ልታበላሽ ስለምትችል ነው። ሌሊት ብልሽት ቢመጣ የሚነሣ ተረኛም አለ።

ከእኛ አገር ሰዎች አንዱ አቶ ፍስሐ አጥላው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሒውሌት ፓካርድ በተባለ ትልቅ ኩባንያ ሠርተዋል። ዳሸን የተባለ ድርጅት አቋቁመውም ኮምፒውተር በአማርኛ እንዲጽፍ ደክመዋል። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። የዓለም ፊደላት ቁጥር የሚመዘገብበት ሥርዓት ዩኒኮድ ይባላል። እሳቸውና ሌሎች ባለሙያዎች ባደረጉት ጥረት የእኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. እዚያ ገባ። ሀ 4608 ሆነ፣ ሁ 4609 ሆነ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። «ጋይንት» ብለን በስልክ ስንጽፍ ስልኩ የሚይዘው 4875፣ 4845፣ 4757፣ 4725 ብሎ ነው።

ፊደላችንን የሚያውቅ ሰው ባይደክምበት ኖሮ ዛሬ ከስማዳ ወደ እስቴ በአማርኛ መልእክት መላላክ ባልቻልን ነበር። ነገም ስለ ቋንቋችን የሚደክም ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ከእኛ መካከል ለምን አይወጣም?

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ኮምፒውተር የለንም ብለን አንቀመጥ። ሒሳብና እንግሊዝኛን እናጥና። አንድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል መጻፍ በደብተርም ይለመዳል።

ጥያቄ፦ ሀ 4608 ከሆነ ሆ ስንት ነው? ሀ ሁ ሂ ብላችሁ ቁጠሩ! መልሱን በሚቀጥለው እትም ይዤ እመጣለሁ። ቸር ሰንብቱ።