የአሮጌ ቶርኖ አልጋ መበላትና የእድሳቱ ስሌት

ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ የኖረ ቶርኖ ለእድሳት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታደሰው ቀለሙ ነው። የማሽኑን ትክክለኛነት የሚወስነው ግን አልጋው፣ ማለትም የመቁረጫ ቢላውን የተሸከመው ሠረገላ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ነው። አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው በቻኩ አቅራቢያ በመሆኑ ሐዲዱ ይበልጥ የሚበላው በዚያው ክፍል ነው። ጥቃቅን የብረት ብናኝ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

የመበላቱ መጠን ብቻውን ስለ ጉዳቱ ብዙም አይናገርም፤ ወሳኙ አቅጣጫው ነው። 25 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ዘንግ ሲቆረጥ ቢላው በ0.1 ሚሊ ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ቢወርድ፣ በፓይታጎረስ ሕግ ሲሰላ የራዲየሱ ስሕተት 0.0002 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ በተራ ማይክሮሜትር አይታይም። ቢላው በዚያው መጠን ወደ ጎን ቢሸሽ ግን ዲያሜትሩ በ0.2 ሚሊ ሜትር ይዛባል።

ችግሩ የሚመጣው የፊተኛውና የኋለኛው ሐዲድ እኩል ሳይበሉ ሲቀሩ ነው። በሐዲዶቹ መካከል 300 ሚሊ ሜትር ርቀት ቢኖር፣ ቢላውም ከሐዲዶቹ በላይ 200 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ የፊተኛው ሐዲድ ብቻ በ0.1 ሚሊ ሜትር መውረዱ ሠረገላውን አዘንብሎ ቢላውን በ0.067 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሥራው ያርቀዋል። ዲያሜትሩ በዚያ ቦታ በ0.13 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ዘንጉም ሾጣጣ ሆኖ ይወጣል።

ይህ የወረቀት ላይ ጭንቀት ብቻ አይደለም። የፈረንሳይ-ኢትዮጵያ ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከተማዋ የተደራጀው የጥገና ወርክሾፕ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ላለው ለዚያ አሮጌ መስመር የተሠሩ ተሽከርካሪዎችን መለዋወጫ ከገበያ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የጎደለውን ዕቃ እዚያው ቀርጾ ማውጣት የግድ ይሆናል። የተሽከርካሪው ዘንግ በሾጣጣ መልክ ከወጣ ጭነቱ በተሸካሚው አንድ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ተሸካሚውም ይግላል።

ከመፋቅ በፊት ግን አልጋው በእርግጥ መበላቱ መረጋገጥ አለበት። ወለሉ ያዘነበለ ወይም መልሕቁ ያላግባብ የተጠበቀ ቶርኖ አልጋው ይጣመማል፤ ውጤቱም የመበላትን ያህል ሾጣጣ ዘንግ ነው። ስለዚህ ማሽኑ በጥሩ ውሃ ልክ ተስተካክሎ እንደገና ይለካል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ጤናማ ብረት ፍቆ ይጥላል፤ የተፋቀው ደግሞ አይመለስም። ለመለኪያ መነሻነት የሚጠቅመው በብዙ ማሽኖች ላይ ቴልስቶኩ የሚቀመጥበት ሐዲድ ነው፤ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ የቀድሞ መልኩን ይዞ ይቆያል።

የእጅ መፋቅ ሥራው ራሱ ቀላል መርህ አለው። በማመሳከሪያ ገጽ ላይ ስስ ሰማያዊ ቀለም ይቀባል፤ ሐዲዱ ላይ ተጭኖ ሲነሣ ቀለም የያዘው ከፍ ያለው ነጥብ ስለሆነ እሱ ብቻ ይፋቃል። የማመሳከሪያው ገጽ ጠፍጣፋነት ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ግላስጎው ላይ ያቀረበው ጽሑፍ መልስ አለው፦ ሁለት ገጾች አንዱ ጎባጣ፣ ሌላው ጎድጓዳ ሆነው ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ሦስት ገጾች ግን እርስ በርስ በየተራ የሚገጥሙት ሁሉም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ብዙ አዳሾች የሚዘነጉት የመጨረሻውን ደረጃ ነው። አልጋው ሲፋቅ ሠረገላው ዝቅ ይላል፤ ከሊድ ስክሩ ጋር የነበረው መስመርም ይፈርሳል። የጠፋውን ከፍታ በሠረገላው ሥር በሚለጠፍ የፕላስቲክ ንጣፍ መመለስ ይቻላል። ንጣፉም በተራው በአልጋው ልክ ይፋቃል።