ቡሎኑ ስለ ገባ ልኩ ነው አይባልም

በሪያድ ከተማ በሹመይሲ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሾፌር፣ ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ባትሪ ሲነሣ ሊቅ ነው፤ ስለ ማቀዝቀዣው ጋዝ ሲነሣም፣ በሐምሌና በነሐሴ ሐሩር ተፈትኖ ያለፈ ነውና የሊቀ ሊቃውንትነት ማዕርግ ይገባዋል፤ ስለ ቸርኬ ሲነሣ ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ዝም ማለት በሚገባው ስፍራ ይናገራል። ከአሠሪው በር እስከ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት የሚዞረውን ነገር፣ በዕለተ ዓርብ አጥቦ ጥቁር ቅባት ከመቀባት በቀር፣ ጐንበስ ብሎ የተጻፈበትን ያነበበ ሰው በዘመኔ ብዙ አላጋጠመኝም። ከመኪና አካላት ሁሉ ታማኝ ሆኖ ሳለ ምስጋና የተነፈገው እርሱ ነው ብዬ ስለማምን፣ ለአንባቢ ላስተዋውቀው ወደድሁ።

የጎማውን ጽሕፈት ማንበብ የመጀመሪያው ፊደል ስለ ሆነ ብዙ አልቆይበትም። በሪያድ ጐዳና ዘወትር የሚታየው ቶዮታ ካምሪ ከሚጫማቸው ጎማዎች በአንደኛው ላይ 215/55 አር 17 94 ቪ የሚል ይገኛል፤ 215 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ተሰልቶ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች፣ 94 አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ግራም እንዲሸከም የተፈቀደለት መሆኑን፣ ቪ ደግሞ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚታገሥ መሆኑን ያመለክታል። ዲኦቲ ከሚለው ጽሕፈት መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የልደት ቀኑ ናቸው፤ 2321 ቢል በ2021 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተወለደ ነው። በሪያድ ፀሐይ ሥር ዘመኑን የፈጸመ ጎማ፣ ጥርሱ ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን፣ ጎኑ መሰነጣጠቁ አይቀርምና፣ እነዚህን አራት አኃዞች ሳያነብ ገንዘቡን የሚቈጥር ሰው የሚገባውን ያገኛል።

ባለ 18 ቸርኬ ያማረው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ስሌት ይሥራ። 235/45 አር 18 የተባለው ጎማ ከላይ ከተጠቀሰው ጋር ሲነጻጸር፣ ሙሉ ቁመቱ 668.7 ሚሊሜትር ሲሆን የዚያኛው 668.3 ስለሆነ፣ ልዩነታቸው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሠሩት ሰዎች ጠንቅቀው አስበውበታል። ነገር ግን በርካሽ አገኘሁ ብሎ 225/55 አር 18 የሚያስገባ ሰው፣ ቁመቱ 704.7 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ ስለሚጫማ፣ የፍጥነት ቈጣሪው 120 ሲያሳየው መኪናው ከ126 በላይ ይሄዳል፤ ፍጥነት የሚቈጣጠረው የሳሄር ካሜራ ደግሞ የመኪናውን ታርጋ እንጂ የሾፌሩን ቈጣሪ አያነብም።

ስለ ነፋሱም አንድ ቃል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የግፊት ቍጥር ጎማው የሚታገሠው የመጨረሻ ወሰን ነው እንጂ ሊሞላ የሚገባው መጠን አይደለም፤ የሚገባው መጠን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካውም መኪናው ቆሞ አድሮ ጎማው በቀዘቀዘበት ማለዳ ነው። አስፋልቱ ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ ግሎ ሳለ «በዛ» ብሎ የሚያስተነፍስ ሰው፣ በማግስቱ ማለዳ ጎዶሎ ጎማ ያገኛል፤ ጎዶሎ ጎማም በዞረ ቍጥር ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ከውስጥ ይግላልና፣ በመካ መንገድ ዳር ተበጣጥሶ የሚታየው ጎማ ሁሉ ነፋስ በዝቶበት የፈነዳ አይምሰላችሁ፤ ነፋስ አንሶት የተቃጠለው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ወደድሁት ነገር ልግባ።

ቸርኬ ከመኪና ጋር የሚስማማው በአራት ነገር ነው፤ ይኸውም በቡሎኖቹ ብዛትና በሚሠሩት ክብ፣ በዲያሜትሩና በስፋቱ፣ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ በሚገፋበት መጠን፣ በመጨረሻም በመካከሉ ባለው ትልቅ ቀዳዳ ነው። ሦስቱን የሚጠይቅ አይታጣም፤ አራተኛውን የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው ያ ቀዳዳ የኩባንያውን ምልክት የያዘችው ክዳን የምትቀመጥበት ጌጥ ብቻ ይመስለዋል። ቸርኬው ተፈትቶ ሞዞው ሲገለጥ ግን፣ ከመካከሉ ወደ ውጭ የወጣ፣ በጥንቃቄ ተሞርዶ የተስተካከለ ክብ ከንፈር ይታያል፤ የቸርኬው ቀዳዳ በዚያ ከንፈር ላይ ያለ ክፍተት እንዲቀመጥ፣ የሁለቱም ማእከል አንድ እንዲሆን ሆኖ ተሠርቷል።

ካምሪ፣ ሶናታ፣ አኮርድና አልቲማ በሹመይሲ ጐዳና ጐን ለጐን ቆመው ብታዩ፣ አራቱም አምስት አምስት ቡሎን አላቸው፤ የቡሎኖቹም ክብ በአራቱም ዘንድ 114.3 ሚሊሜትር፣ ማለትም አራት ኢንች ተኩል ነው። ስለዚህ የአንዱ ቸርኬ ለሌላው ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ለሐሳቡ ምክንያት አላጣም። የመካከሉን ቀዳዳ ለክቶ ቢሆን ግን፣ የካምሪው 60.1፣ የአኮርዱ 64.1፣ የአልቲማው 66.1፣ የሶናታው 67.1 ሚሊሜትር መሆኑን ባወቀ ነበር። የካምሪ ቸርኬ ከሦስቱ በአንዱም ሞዞ ላይ አይገባም፤ የማይገባ ነገር ደግሞ ጉዳት የለውም፤ ባለቤቱ አዝኖ ይመልሰዋል። ፈተናው የሦስቱ ቸርኬ በካምሪ ላይ ያለ አንዳች ተቃውሞ መግባቱ ነው።

ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ የሹመይሲ ሆስፒታል ብለው ከሚጠሩት ከንጉሥ ሳዑድ የሕክምና ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ የመናዊ የሚሠራበት ጠባብ ባንሸር፣ ማለትም የጎማ መጠገኛ፣ አለ፤ ከዒሻእ ጸሎት በኋላ አየሩ ጥቂት ሲበርድ እዚያ ተቀምጬ ሻይ መጠጣት እወድ ነበር። አንድ ምሽት አንድ የወሎ ልጅ የሚነዳውን ካምሪ አቁሞ ወረደ፤ ከከተማው በስተ ደቡብ በአል-ሓኢር ካሉት ተሽሊሖች፣ ማለትም አሮጌ መኪና እየፈታቱ ከሚሸጡት፣ አራት ያማሩ የሶናታ ቸርኬዎች ገዝቶ ካስገጠመ ወዲህ መሪው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እጁ ውስጥ አልረጋ ብሎታል።

«ጋሼ፣ ሚዛን ነው አሉኝ፣ ደጋግሜ አስመዘንሁ፤ ጎማ ነው አሉኝ፣ ጎማ ቀየርሁ፤ ኩሽኔታ ነው አሉኝ፣ ኩሽኔታም ቀየርሁ» አለኝ። ቸርኬውን ሲገዛ የመካከሉን ቀዳዳ ለክቶ እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ «ቡሎኑ ሁሉ ልክ ነው እኮ!» ሲል መለሰልኝ። ይህችን ቃል ከስንት አፍ እንደ ሰማኋት! ቡሎኑ ልክ መሆኑን ማን ካደ? ልጁን በመጠኑ ገሠጽሁት፤ በክፉ አልተቀበለኝም።

የመናዊው ክሪኩን አስገብቶ አንዱን ቸርኬ ፈታና በካሊፐር ለካን፤ የሞዞው ከንፈር 60፣ የቸርኬው ቀዳዳ 67፤ በዙሪያው ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ባዶ ስፍራ ነበረ። ቸርኬው ማእከሉን የሚያጸናለት አጥቶ፣ ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ወደ ገፉት ወገን እየተጠጋ ይቀመጣል፤ ዛሬ ወደ ላይ፣ ነገ ወደ ጐን።

ሚዛኑ ለምን ደጋግሞ ደኅና ነው እንዳለ ማስተዋል ይገባል፤ ለእኔ ከነገሩ ሁሉ ደስ የሚያሰኘኝ ይህ ምሥጢር ነው። የሚዛኑ ማሽን ቸርኬውን የሚይዘው በመካከሉ ቀዳዳ ሾጣጣ ብረት አግብቶ ነው፤ ስለዚህ ጎማውን የሚያሽከረክረው በእውነተኛ ማእከሉ ዙሪያ ነው፤ እርሳሱ ተለጥፎም ዜሮ ሲል እውነቱን ይናገራል። መኪናው ግን ያንኑ ጎማ ይዞ የሚያዞረው በሌላ ማእከል ዙሪያ ነው። ማሽኑና መኪናው ስለ ሁለት ማእከል የሚነጋገሩ በመሆናቸው፣ አንዱ ደኅና ነው ሲል ሌላው ይንቀጠቀጣል፤ በመካከላቸው የሚከፍለው ሾፌሩ ነው። የነገሩን መጠን በአኃዝ ለማየት፣ ቸርኬውና ጎማው በአንድነት 20 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ከማእከሉ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ቢያፈነግጡ፣ ይህ በባለ 17 ቸርኬ ጠርዝ ላይ ወደ 46 ግራም የሚሆን እርሳስ በአንድ ወገን ከመለጠፍ ጋር እኩል ነው። መኪናው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያ ጎማ በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ መሪውን የሚነቀንቀውም በዚያው ልክ ነው።

በተቃራኒው ያለውንም ስሕተት ሳልነቅፍ አላልፍም። የመኪናው ክብደት ሁሉ በዚያ ከንፈር ላይ የተንጠለጠለ ነውና ክፍተት ካለ ቡሎኑ ወዲያው ይቈረጣል እያሉ ሰውን የሚያስፈራሩ አሉ፤ ይህም ልክ አይደለም። ቸርኬውን በቦታው የሚያጸናው፣ ዳዶዎቹ በኀይል ጠብቀው ከሞዞው ፊት ጋር ሲያጣብቁት የሚፈጠረው ሰበቃ ነው፤ የከንፈሩ ሥራ ማእከልን መጠበቅ ነው። ዳዶው ሾጣጣ አፍ ያለው ሲሆን፣ የቸርኬውም ቀዳዳ እንዲሁ ሾጣጣ ሆኖ ሲሠራ፣ በጥንቃቄ ከተጠበቀ ዳዶዎቹ ራሳቸው ማእከሉን ያገኙታል፤ «እኔ የሌላ ቸርኬ ገጥሜ ምንም አልሆንሁም» የሚሉት ሰዎችም የሚድኑት በዚህ ነው። ቶዮታ ግን ለብዙ ዘመን ለአሉሚኒየም ቸርኬዎቹ የሰጠው ዳዶ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለበት ስለ ሆነ፣ ይህ ዳዶ ማጥበቅ እንጂ ማእከል ማግኘት አያውቅም፤ በሾጣጣ ቀዳዳም ላይ በጠርዙ ብቻ ስለሚያርፍ ቀስ በቀስ ይላላል። የወሎው ልጅ በሶናታው ቸርኬ ላይ ያሰረው የካምሪውን ጠፍጣፋ ዳዶ ነበረና፣ በእርሱ ላይ ሁለቱም ስሕተት በአንድ ጊዜ ተፈጽሞ ነበር።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ውስጧ 60.1፣ ውጭዋ 67.1 የሆነች የማእከል ቀለበት በየቸርኬው ትገባለች፤ ሾጣጣ አፍ ያለው፣ ጥርሱ 12 በ1.5 የሆነ ዳዶም ይገዛል። ቀለበቷ የፕላስቲክም የአሉሚኒየምም ትገኛለች፤ በረጅም ቍልቍለት ፍሬን ሲግል ፕላስቲኳ ትለሰልሳለችና፣ ከጣኢፍ ተራራ የሚወርድ ሰው አሉሚኒየሟን ቢመርጥ ይሻላል።

በትላልቆቹ መኪናዎች ዘንድም ነገሩ ያው ነው። አዲሱ ላንድ ክሩዘር 300 እና ሃይሉክስ ስድስት ስድስት ቡሎን በ139.7 ክብ ላይ አላቸው፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ ግን 95.1፣ የሁለተኛው 106.1 ነው። ከላንድ ክሩዘር 300 በፊት የነበረው ላንድ ክሩዘር 200 ደግሞ አምስት ቡሎን በ150 ክብ ስለ ነበረው፣ በስሙ ታምኖ የአባትየውን ቸርኬ ለልጅየው የሚገዛ ሰው ቡሎኑ እንኳ አይገባለትም።

በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ ለሚፈልግ ዘመዴም አንድ ነገር ልንገረው። የቪትዝና የያሪስ ቸርኬ አራት ቡሎን በ100 ክብ ነው፤ የአሮጌዋ የላዳ ታክሲ አራት በ98። ሁለት ሚሊሜትር ምን ታደርጋለች የሚል ጎሚስታ በከተማዋ አይታጣም፤ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ባለ 100 ቸርኬ በላዳ ላይ ሲገጠም ሦስቱ ቡሎኖች ይገቡና አራተኛው «ጠበቅ ብሎ» በኀይል ይገባል። ያ የጠበቀው ቡሎን ገብቶ ሳይሆን ተጣሞ ነው።

ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገፋበት መጠን ኢቲ በሚሉ ፊደላት ከጀርባው ተቀርጾ ይገኛል፤ በ45 ፈንታ 35 ከገባ ጎማው አሥር ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፣ በመንገድ ጕድጓድ ላይ ፓራፋንጎውን ይልሳል፣ ኩሽኔታውንም ያደክማል። ለመልክ ብለው ጎማው ከመኪናው እንዲወጣ የሚያደርጉ ጐረምሶች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ አልገባኝም፤ ለማስረዳት የሞከረልኝም የለም።

ሲገጠም የሞዞው ፊት ከዝገት ይጠረግ፤ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ሳለ ዳዶዎቹ በእጅ ይግቡ፤ ከዚያም አንዱን አጥብቆ ፊት ለፊቱ ወዳለው በመሻገር፣ በኮከብ ሥርዓት፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠበቁ። የካምሪው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአየር መፍቻ እስኪጮህ የሚያጠብቅ ባለ ባንሸር ይህን ልክ አያውቅም፤ ስለዚህ ልክ የሚያሳየውን ቍልፍ ይዞ መሄድ ይገባል። የወሎው ልጅ በማግስቱ ምሽት ቀለበቶቹን ይዞ መጣ፣ አስገጠመም፤ ከሹመይሲ ተነሥቶ አል-ኸርጅ ደርሶ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ጎማው ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን በዚያው ቍልፍ እንደ ገና እንዲፈትሽ ነግሬው ሻዬን ጨረስሁ።