አክሲዮን ለመነገድ ምን ዓይነት ደላላ ይመረጣል?

በወላይታ ሶዶ ገበያ በሬውን የሚሸጥ ገበሬ ደላላ ሲቀርበው ሦስት ነገር ያጣራል፤ ሰውዬው የሚታወቅ መሆኑን፥ ድርሻው ስንት እንደሆነ፥ ገንዘቡም በማን እጅ እንደሚያልፍ። የአክሲዮን ደላላ የሚመረጠውም ከዚህ እምብዛም በማይርቅ መንገድ ነው።

አክሲዮን መሸጥና መግዛት ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዲስ አበባ ተጀምሮ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ታላላቅ ድርጅቶች ሲወረሱ ተቋረጠ። ከብዙ ዘመን በኋላ በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው።

በውጭ አገር አንዳንድ ደላሎች ደንበኛው ትእዛዙን ራሱ በቀጥታ ወደ ገበያው መዝገብ እንዲያስገባ፥ የገዢዎችንና የሻጮችን ዋጋ በየደረጃው እንዲያይ ያደርጋሉ። በአንድ ቀን ገዝቶ ለሚሸጥ ነጋዴ ይህ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ዋጋ በደቂቃ ይለዋወጣልና። ይሁን እንጂ ፍጥነት የሚጠቅመው ገዢና ሻጭ በበዛበት ገበያ ነው። ጥቂት አክሲዮን በሚዘዋወርበት ገበያ ጠዋት የገዙትን ከሰዓት በኋላ የሚረከብ ሰው ላይገኝ ይችላል።

እንግዲህ ደላላ ስንመርጥ የሚከተለውን እንመርምር።

አንደኛ፥ ፈቃድ። ደላላው የሚያሳየንን ወረቀት ብቻ አንመን፤ ስሙን ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መዝገብ እንፈልግ።

ሁለተኛ፥ ክፍያ። ለምሳሌ ያህል ድርሻው ከመቶ ብር 50 ሳንቲም ነው እንበል። በ10,000 ብር ገዝተን በዚያው ዋጋ ብንሸጥ ሲገዛ 50፥ ሲሸጥ 50፥ በጠቅላላው 100 ብር ይሄዳል። ይህን በወር 20 ቀን ብናደርገው 2,000 ብር፥ ማለት የገንዘባችን አንድ አምስተኛ፥ ምንም ሳናተርፍ ያልቃል። ብዙ የሚነግድ ሰው ከትርፉ አስቀድሞ ይህን ማስላት አለበት።

ሦስተኛ፥ የገንዘቡ አያያዝ። የደንበኛው ገንዘብ ከደላላው ገንዘብ ተለይቶ መቀመጥ፥ አክሲዮኑም በባለቤቱ ስም መመዝገብ ይገባዋል። ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ የሚያዋጡ የወላይታ አባወራዎች ገንዘቡን ለማያውቁት መንገደኛ አይሰጡም።

አራተኛ፥ መብራት ወይም ኔትዎርክ ሲጠፋ ትእዛዝ በስልክ ይቀበል እንደሆነ።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በቴሌግራም «በየቀኑ ትርፍ እንከፍላችኋለን» እያሉ የተማሪ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። የአክሲዮን ዋጋ ይወጣል፥ ይወርዳል፤ ስለዚህ እውነተኛ ደላላ የትርፍ ዋስትና አይሰጥም። ዋስትና የሰጠ ሰው በዚያው ቃሉ ማንነቱን ገልጿል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የምንማረው ወላጆቻችን እህል ወይም ከብት ሸጠው በሚልኩልን ገንዘብ ነው፤ የሚጠፋውም እርሱ ነው።

መነገድ የሚወድ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር በደብተር ላይ ብቻ ይግዛ፥ ይሽጥ፤ የደላላውንም ድርሻ በየጊዜው ይቀንስ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሒሳቡ ራሱ ይመክረዋል።