በንግድ ቤት ውስጥ ስለሚዘገየው ገመድ አልባ ኢንተርኔት

በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ላፕቶፖች በአንድ ገመድ አልባ መስመር ሲሠሩ፥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም የባንክ ሰነድ በሚላክበት ሰዓት መስመሩ የዘገየ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ ወዲያው ከፍ ያለ ፍጥነት ለመግዛት ይነሣል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ጉድለቱ ያለበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ለዚህም ሌሎቹን ለጊዜው ከመስመሩ አውጥቶ አንዱን ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር በማገናኘት ፍጥነቱን መለካት ያስፈልጋል። በውሉ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ከሆነ ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ማመልከት ነው። ደኅና ከሆነ ግን ሌሎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ መስመሩ በየትኛው ላይ እንደሚዘገይ መመልከት ይበቃል፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ተጠቃሚው ሳያውቀው የዊንዶውስ ማሻሻያ ሲያወርድ ይገኛልና።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ምክንያት አለ። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ላፕቶፖች መልእክታቸውን የሚልኩት በየተራ ነው። ስለዚህ ከግንብ ማዶ ሆኖ ምልክቱ የደከመበት ላፕቶፕ ያንኑ ሰነድ ለመላክ ረዥም ጊዜ ስለሚወስድ፥ ከራውተሩ አጠገብ ያለውንም ያስጠብቀዋል። ራውተሩን ከብረት ካዝና ጀርባ አንሥቶ በመካከል፥ ከፍ ባለ ስፍራ ማኖር ብዙ ጊዜ ይበጃል። ሱቆች በተደራረቡበት ሕንፃ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በጎረቤቶች ራውተር ስለሚጨናነቅ፥ ለቅርብ ላፕቶፖች 5 ጊጋኸርዝ ይሻላል፤ ግንብ ግን ይከብደዋል።

አንዱ ላፕቶፕ ብቻ መስመር አጥቶ የአድራሻ ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፥ ከራውተሩ አድራሻ አልተሰጠውም ማለት ነው። ራውተሩ የሚያድለው አድራሻ የተወሰነ ስለሆነ፥ የሠራተኞቹ ስልኮች ጨርሰውት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።