አሮጌ መኪና ሌላ ካምቢዮ ሲገጠምለት

ሞተር የመኪና ልብ ነው ቢባል ካምቢዮ ወገቡ ነው። ልብ ቢመታም ወገብ ካልጸና መንገድ አይኬድም። ስለዚህ ካምቢዮ መለወጥ ብዙ ሰዎች እንደሚያስቡት አንዱን አውርዶ ሌላውን የመስቀል ሥራ ብቻ አይደለም፤ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ እንደ ገና የማስማማት ሥራ ነው። መኪናው ያረጀ፥ ባሌስትራውም ተለውጦ ከመሬት ከፍ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 እስከ 1987 ዓ.ም. የተሠሩትን የሸቭሮሌት ፒክአፕ መኪናዎች እንመልከት። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ቱርቦ ሃይድራማቲክ 350 የተባለ ባለሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ አላቸው። አንዳንድ ባለቤቶች ግን ይህን አውጥተው በ1982 ዓ.ም. የመጣውን ባለአራት ማርሽ 700 አር 4 ማስገባት ይወዳሉ።

ምክንያታቸው ግልጽ ነው። በቀድሞው ካምቢዮ፥ በአንደኛ ማርሽ፥ የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 2.52 ጊዜ ይዞራል፤ በሁለተኛው ዐይነት ግን 3.06 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ዳገት ለመውጣትና ትልልቅ ጎማዎችን ከቆሙበት ለማስነሣት ኀይል ይጨምራል። በአራተኛ ማርሽ ደግሞ ሞተሩ የሚዞረው 0.70 ጊዜ ብቻ ነው። ይኸውም ሜዳ በሆነ ረዥም መንገድ ላይ፥ ፍጥነቱ ሳይለወጥ፥ የሞተሩ ዙር ከመቶ 30 ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ቤንዚንም ይቈጠባል፤ ጩኸቱም ይበርዳል።

አማርኛ በመማር ላይ ያለ አንባቢያችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚሰሙት ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ክሮቼራ፥ ቡሎንና ዳዶ የሚባሉት ስሞች ከኢጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። መካኒኩ የሚረዳው በእነዚሁ ስሞች ነውና፥ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ እነርሱን ማወቅ ይጠቅማል።

አግዳሚው ብረት

የካምቢዮው የኋላ ክብደት የሚያርፈው በሻንሲው ግራና ቀኝ ላይ በተጋደመ ጠንካራ ብረት ላይ ነው። በካምቢዮውና በአግዳሚው መካከል ንዝረትን የሚውጥ የጎማ ትራስ ይገባል። በኋላ ጎማቸው ብቻ በሚነዱት መኪናዎች፥ ከሞተሩ መጋጠሚያ እስከዚህ ትራስ ያለው ርቀት በ350ው 20.4 ኢንች ያህል ሲሆን፥ በ700 አር 4 ግን 22.5 ኢንች ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ ከመኪናው ሥር ለተኛው መካኒክ ግን የቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች አይገጥሙለትም። በአራቱም ጎማ በሚነዱት ደግሞ ልኩ በማጋጠሚያው ቍራጭ ስለሚለያይ፥ እያንዳንዱን መኪና ለብቻው መለካት ግድ ነው።

ብዙዎችን የሚጎዳቸው የሥራ ቅደም ተከተል ማፋለስ ነው። አስቀድሞ አግዳሚውን በስቶ ካምቢዮውን በግድ ማስገባት አይገባም። በመጀመሪያ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ይገናኝ፤ ከሥሩም በክሪክ ይደገፍ። በሁለቱ መካከል ያለው፥ ኀይልን በዘይት የሚያስተላልፈው ክብ ዕቃ፥ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቀመጡ ይረጋገጥ። ሳይገባ ቡሎኖቹ ቢጠብቁ የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ይሰበራል። ከዚህ በኋላ የካምቢዮው ዝንባሌ ይለካል። በመጨረሻ ብቻ የአግዳሚው ስፍራ ተመልክቶ ሻንሲው ይበሳል።

የዘንጉ ነገር

ካምቢዮው ወደ ኋላ ሲረዝም ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ያጥራል። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊተኛው ዘንግ በዚያው ልክ መርዘም አለበት። ባሌስትራው ከፍ ስላለ ዘንጎቹ ከቀድሞው ይልቅ ያዘቀዝቃሉ። በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ክሮቼራ ባለው ዘንግ፥ ከካምቢዮው የሚወጣውና ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ጫፍ ትይዩ ካልሆኑ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፤ ክሮቼራዎቹም ሳይቈዩ ያልቃሉ። ስለዚህ ዝንባሌው በዐይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ይታይ።

መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳሉም የፊተኛው ዘንግ አግዳሚውን እንዳይነካ መመርመር ያስፈልጋል። መሬት ላይ ቆሞ ያልነካው ዘንግ ጕድጓድ ላይ ሊነካ ይችላልና። ይህ የምቾት ጕዳይ ብቻ አይደለም። በጕዞ ላይ የተበጠሰ ዘንግ የፍሬንና የቤንዚን ቧንቧዎችን ሊቈርጥ፥ ፊተኛው ጫፉ መሬት ላይ ከወደቀም መኪናውን ከመንገድ ሊያወጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚጠፋው ገንዘብ ሳይሆን ሕይወት ነው።

ትንሿ ገመድ

ከካርቡራቶር ወደ 700 አር 4 የምትወርድ አንዲት ቀጭን ገመድ አለች። ነጂው የቤንዚኑን ፔዳል ሲረግጥ ይህች ገመድ ተስባ በካምቢዮው ውስጥ ያለውን የዘይት ግፊት ከፍ ታደርጋለች። በትክክል ካልተስተካከለች ግፊቱ ያንሳል፤ በውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ይንሸራተታሉ፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ካምቢዮም በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ስለዚህ ገመዷ ሳትስተካከል መኪናውን ለሙከራ እንኳ ወደ ጎዳና ማውጣት አይገባም።

እንግዲህ አሮጌ መኪናውን ለማደስ ያሰበ ሰው ዋጋውን ሲያሰላ የካምቢዮውን ብቻ ሳይሆን የዘንጎቹን፥ የአግዳሚውንና የገመዱንም ጭምር ያስላ። መካኒኩ ጊዜ ወስዶ ሲለካ ቢያየውም አይቈጣ፤ አባቶች እንዳሉት የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።