የቤተ ክርስቲያን ደን ራሱን ይጠብቃል፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከደብረ ታቦር ወጥቶ በደቡብ ጎንደር የተጓዘ ሰው በእርሻ መሐል ጥቅጥቅ ያለ ክብ ደን ሲያይ እዚያ ታቦት እንዳለ ሳይነገረው ያውቃል። በዞኑ እንዲህ ያሉ ደኖች ከ1,000 በላይ ናቸው። ስለእነርሱ የምንናገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

ተረት፦ «የታቦት ደን ማን ይደፍራል? ራሱን ይጠብቃል።»

እውነቱ፦ የቤተ ክርስቲያኑ ግዝት መጥረቢያን አስቀርቷል፤ ምስጋናው ለካህናቱና ለምእመናኑ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ («እመጓ»ን የጻፉት) በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከብት ግን ግዝት አያውቅም። ክረምት ላይ ከትልቅ ወይራ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ጣት የማታክል ችግኝ ሁለት ቅጠል አውጥታ ቆማለች፤ አጠገቧ የበሬ ኮቴ የሰረጎደው ጭቃ ውኃ አቁሯል። አንዲት ጊደር ካለፈች ወይ ትግጣታለች ወይ ትረግጣታለች። አረጋውያን ዛፎች ቆመው ተተኪ የሌላቸው ለዚህ ነው። በገላውዴዎስና በደብረ ሰና አብያተ ክርስቲያናት ደን በተደረገ ሙከራ ከብት በማይገባበት አጥር ውስጥ ዘሩ የተሻለ በቀለ፣ ችግኙም የተሻለ ጸደቀ።

ተረት፦ «ዛፉ ቢወድቅ ዘሩ አፈር ውስጥ አለ።»

እውነቱ፦ ከእነዚህ ደኖች የተወሰደ አፈር ሲፈተሽ በብዛት የበቀለው ሣርና አረም ነው። የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ እናት ዛፏ ከሄደች ዘሯም አብሯት ይሄዳል።

ተረት፦ «ባሕር ዛፍ ተክለናል፤ ደኑን ተክቷል።»

እውነቱ፦ ባሕር ዛፍ ማገዶና ማገር ይሰጣል፣ የደኑን ጫናም ያቀላል፤ ቦታው ግን ከደኑ ውጭ ነው።

ተረት፦ «ደኑን ማጠር ሕዝቡን ማራቅ ነው።»

እውነቱ፦ እኔን ደስ የሚለኝ ይህኛው ነው። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ባገዙት ደኑን በድንጋይ ካብ የማጠር ሥራ ካቡን የካበው የአጥቢያው ሕዝብ ነው። ድንጋዩም ከየማሳው የተለቀመ፣ ማረሻ ሲያስቸግር የኖረ ነው። ማሳው ጠራ፣ ደኑም ታጠረ። ካቡ በር አለው፤ ሰው ለቅዳሴ እንደ ወትሮው ይገባል፣ ከብቱ ውጭ ይቀራል።